ሁለት ጊዜ የሚመነዘር ዕቃ፦ የዱሮ የቱቦ አምፕሊፋየር ድንበር ሲሻገር

ከሌላ አገር ዕቃ ለመግዛት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ “ምንዛሪው ዛሬ ስንት ነው?” የሚል ነው። ዕቃው መጽሐፍ ወይም ጨርቅ ከሆነ ይኸው አንድ ጥያቄ ይበቃ ይሆናል። ዕቃው ከሃምሳና ከስድሳ ዓመታት በፊት የተሠራ የቫኪዩም ቱቦ አምፕሊፋየር ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ በሻጩ አገር የኤሌክትሪክ መስመሩ ስንት ቮልት፣ ስንት ሄርዝ ነው? በመጀመሪያው ስሌት የተሳሳተ ገዢ የሚያጣው ገንዘቡን ነው። በሁለተኛው የተሳሳተ ግን ዕቃውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት “ምንዛሪዎች” ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቱቦው አሠራር

ቫኪዩም ቱቦ አየሩ ተመጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። በውስጡ የሚገኘው ካቶድ በማሞቂያ ሽቦ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ከፍተኛ አወንታዊ ቮልቴጅ የተሰጠው አኖድ ደግሞ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ በ1904 የፈለሰፈው ቱቦ ከእነዚህ ሁለት ክፍሎች የተሠራ ነበር። ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍም “ቫልቭ” ተባለ። በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በካቶዱና በአኖዱ መካከል ግሪድ የሚባል ሦስተኛ ክፍል አስገባ። በግሪዱ ላይ የሚደርስ ጥቂት የቮልቴጅ ለውጥ በቱቦው ውስጥ የሚፈሰውን ጅረት በእጅጉ ይለውጠዋል። ማጉላት የሚባለው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ቱቦው የሚሠራው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልትና በጥቂት ጅረት ነው። ስፒከር ደግሞ በተቃራኒው ዝቅተኛ ቮልቴጅና ብዙ ጅረት ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የመውጫ ትራንስፎርመር ነው። ለምሳሌ ቱቦው 5,000 ኦም፣ ስፒከሩ 8 ኦም የሚፈልጉ ቢሆኑ የሁለቱ ንጽጽር 625 ይሆናል። በትራንስፎርመሩ ላይ የሚጠመጠሙት የሽቦ ዙሮች ንጽጽር የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 25 ለ 1 ነው። ትራንስፎርመር እንግዲህ የአምፕሊፋየሩ መንዛሪ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ቮልቴጅን ተቀብሎ ጅረት ይሰጣል፤ ኃይልን ግን አይጨምርም፤ እንደ ማንኛውም መንዛሪም የራሱን ድርሻ በሙቀት መልክ ይወስዳል።

በዲሴምበር 1947 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ቱቦው ከአብዛኞቹ መሣሪያዎች ቀስ በቀስ ወጣ። ከሁለት ወገኖች ግን አልተለየም፤ ከጊታር ተጫዋቾችና ከአንዳንድ የሙዚቃ አድማጮች። በመለኪያ ሲታይ የቱቦ አምፕሊፋየር ከዘመናዊ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ይበልጥ ድምፅን ያዛባል። ነገር ግን ከአቅሙ በላይ ሲጫን የድምፁን ሞገድ በድንገት ሳይሆን በዝግታ ስለሚቆርጠው ለብዙ ጆሮዎች የሚጥም ለዛ ይኖረዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት አምፕሊፋየሮች ብዛት ከእንግዲህ አይጨምርም። አቅርቦቱ እንዲህ የተወሰነ ዕቃ ደግሞ ገንዘቡ ወደ ጠነከረበት አገር መፍሰሱ የታወቀ ነው።

የምንዛሪ ግድግዳ የወለደው አምፕሊፋየር

የእንግሊዝ መንግሥት በሴፕቴምበር 1949 የፓውንድን ዋጋ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ዶላር አወረደ። በዚህም ፓውንድ ከዶላር አንጻር ከዋጋው 30 በመቶ ገደማ አጣ። ታዲያ 100 ዶላር የሚያወጣ የአሜሪካ ዕቃ በለንደን በ30 በመቶ ብቻ ተወደደን? አልነበረም። ቀድሞ 24.8 ፓውንድ ይበቃው የነበረው ዕቃ 35.7 ፓውንድ ሆነ፤ ጭማሪው 44 በመቶ ነው። አንድ ገንዘብ ሲወድቅ የሚያጣው መቶኛና የውጭ ዕቃ በዚያ ገንዘብ የሚወደድበት መቶኛ እኩል አይደሉም፤ የሚካፈሉበት መነሻ ቁጥር የተለያየ ነውና። ይህንኑ በአገራችንም አይተናል። ከጁላይ 2024 የምንዛሪ ማሻሻያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ብር ከዋጋው 43 በመቶ ያህል አጥቶ ዶላር በብር ሲታይ ከ75 በመቶ በላይ ተወደደ። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ገዢው የሚከፍለው ግን ሁለተኛውን ነው።

በእንግሊዝ ከምንዛሪው ሌላ እስከ 1950ዎቹ ማብቂያ ድረስ የዶላር ወጪን ለመቆጠብ በአሜሪካ ዕቃዎች ላይ የተጣለ የማስገቢያ ገደብ ነበር። ገደቡ ከተነሣ በኋላም ቢሆን በካሊፎርኒያ የሚሠራው የፌንደር አምፕሊፋየር ለአንድ የለንደን ወጣት ሙዚቀኛ የማይደፈር ዋጋ ነበረው። በምዕራብ ለንደን፣ ሀንዌል በተባለው ሠፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው ጂም ማርሻል ደንበኞቹ ይህን ድምፅ በሚችሉት ዋጋ እንደሚፈልጉ ተረዳ። በ1962 ከቴክኒሻኖቹ ከኬን ብራንና ከደድሊ ክሬቨን ጋር በመሆን የፌንደርን “ቤዝማን” አምፕሊፋየር ንድፍ መነሻ አድርጎ “ጄቲኤም45” የተባለውን የመጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ሠራ።

ንድፉ ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፤ አካላቱ ግን በእንግሊዝ በቀላሉ የሚገኙት ሆኑ። ትራንስፎርመሮቹ ለ50 ሄርዝ መስመር የተሠሩ የእንግሊዝ ትራንስፎርመሮች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካዊው የኃይል ቱቦ ፈንታ እንግሊዛዊው ኬቲ66 ገባ። በቤዝማን ውስጥ ከነበሩት አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ይልቅ አራት ባለ 12 ኢንች የሴለሽን ስፒከሮች ጀርባው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ተገጠሙ። ከእነዚህ ለውጦች የተገኘው ድምፅ የፌንደር ድምፅ አልነበረም። ወፍራምና ሻካራ የሆነ፣ በኋላ የሮክ ሙዚቃ መለያ የሆነ ሌላ ድምፅ ነበር። ዋጋን ለመሸሽ የተጀመረ ሥራ አዲስ ድምፅ ወለደ። የዛሬ ሰብሳቢዎች ደግሞ እነዚያኑ የመጀመሪያዎቹን ማርሻሎች ለመግዛት በተራቸው ምንዛሪ ያሰላሉ።

ከኒው ዮርክ ወደ ቶኪዮ፣ ከቶኪዮ ወደ ሌላው ዓለም

ሁለተኛው ታሪክ የጃፓን ነው። የጃፓን አድማጮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሜሪካውያን ያረጀ ብለው የተዉአቸውን መሣሪያዎች ይፈልጉ ነበር፤ በሲኒማ ቤቶች ያገለገሉትን የዌስተርን ኤሌክትሪክ አምፕሊፋየሮችና 300ቢ የተባለውን ዝነኛ ቱቦ፣ እንዲሁም የማራንትዝና የማኪንቶሽ ሥራዎችን። በሴፕቴምበር 1985 አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ በኒው ዮርኩ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው የዶላርን ዋጋ ለማውረድ ተስማሙ። ከስምምነቱ በፊት አንድ ዶላር 240 የን ገደማ ነበር፤ በ1987 ማብቂያ ወደ 120 የን ገደማ ወረደ። በአሜሪካ 1,000 ዶላር የሚሸጥ አምፕሊፋየር ለጃፓናዊው ገዢ ከ240,000 የን ወደ 120,000 የን ወረደለት ማለት ነው። ሻጩ አንዲት ሳንቲም ሳይቀንስ ዋጋው በግማሽ ረከሰ።

ዘመን ግን ተገላባጭ ነው። በኦክቶበር 2011 አንድ ዶላር 75 የን ገደማ ድረስ ወርዶ የነበረ ሲሆን፣ በጁላይ 2024 ከ160 የን በላይ ወጣ። በዚህ ጊዜ ፍሰቱ ተገልብጦ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የተነሡ ገዢዎች በጃፓን ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ መፈለግ ጀመሩ። የሚፈልጉትም ከብዙ ዓመታት በፊት ወደዚያ የሄዱትን የአሜሪካ መሣሪያዎች ብቻ አይደለም፤ እንደ ላክስማን ያሉ የጃፓን ፋብሪካዎች የሠሯቸውንም ጭምር ነው።

የቅናሹ እውነተኛ መጠን

አንድ አምፕሊፋየር በጃፓን 150,000 የን ተጠየቀበት እንበል። ዶላር 110 የን በሆነ ጊዜ ዋጋው 1,364 ዶላር ነው፤ ዶላር 150 የን ሲሆን 1,000 ዶላር። ቅናሹ 27 በመቶ ገደማ ይመስላል። ወደ መጨረሻው ወጪ ለመድረስ ግን የሚከተሉትን መደመር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ባንክ ወይም የካርድ ድርጅት ገንዘብ የሚመነዝረው በዜና በሚነገረው የገበያ ተመን ሳይሆን የራሱን ትርፍ ጨምሮ ነው። 3 በመቶ ብንወስድ ዋጋዎቹ 1,405 እና 1,030 ዶላር ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ክፍያ አለ። የቱቦ አምፕሊፋየር ከብረትና ከመዳብ የተሠሩ ትራንስፎርመሮችን የተሸከመ በመሆኑ ከባድ ነው፤ በ1961 ለገበያ የቀረበው የማኪንቶሽ ኤምሲ275 ለምሳሌ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለዚህ 250 ዶላር እንያዝ። ሦስተኛ፣ በብዙ አገሮች ጉምሩክ ቀረጥና ታክስ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪ በተጨመረበት ድምር ላይ ነው። በድምሩ 20 በመቶ ቢሆን በመጀመሪያው ሁኔታ 323፣ በሁለተኛው 250 ዶላር ይደርሳል። አራተኛ፣ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ትራንስፎርመርና የቴክኒሻን ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ለእነዚህ 400 ዶላር እንመድብ።

ጠቅላላው ወጪ በመጀመሪያው ምንዛሪ 2,378፣ በሁለተኛው 1,930 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 448 ዶላር ወይም 19 በመቶ ያህል ነው። ከ27 በመቶው ቅናሽ አንድ ሦስተኛው ያህል የት ገባ? ምንዛሪው የሚነካው በየን የሚከፈለውን ክፍልና በእርሱ ላይ የሚታሰበውን ታክስ ብቻ ስለሆነ ነው። ማጓጓዣው፣ ትራንስፎርመሩና የቴክኒሻኑ ክፍያ የየንን መውደቅ አያውቁም። ዕቃው በከበደና ጥገናው በበዛ መጠን የምንዛሪው ጥቅም እየቀጠነ ይሄዳል።

ጊዜም የራሱ ዋጋ አለው። ዕቃው ጉድለት ተገኝቶበት ከሁለት ወር በኋላ ቢመለስና ሻጩ 150,000 የኑን ሳያጎድል ቢመልስ፣ በዚህ መካከል ዶላር 160 የን ደርሶ እንደሆነ ገንዘቡ 937.50 ዶላር ነው። መንዛሪው ዳግመኛ 3 በመቶ ሲወስድ 909 ዶላር ይቀራል። 1,030 ዶላር የከፈለ ገዢ ማንም ሳያታልለው 121 ዶላር አጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምንዛሪ

አሁን አምፕሊፋየሩ ከጃፓን አሜሪካ ደርሷል እንበል። የጃፓን መስመር 100 ቮልት፣ የአሜሪካ 120 ቮልት ነው። የመሰኪያው ቅርጽ ስለሚመሳሰል ገዢው በቀጥታ ሊሰካው ይችላል፤ አምፕሊፋየሩም ይበራል፤ ይዘፍናል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ትራንስፎርመር በንጽጽር ስለሚሠራ የመግቢያው ቮልቴጅ በ20 በመቶ ሲጨምር መውጫዎቹ ሁሉ በ20 በመቶ ይጨምራሉ። ለ6.3 ቮልት የተሠራው የቱቦ ማሞቂያ 7.56 ቮልት ያገኛል፤ የቱቦ አምራቾች ግን በተለምዶ ከ10 በመቶ የበለጠ ልዩነት አይፈቅዱም። ካቶዱ ከልክ በላይ ሲግል ኤሌክትሮን የሚለቀው ስስ የኦክሳይድ ልባስ ቶሎ ይተናል፤ የቱቦውም ዕድሜ ያጥራል። ለአኖዱ የሚቀርበው 400 ቮልትም 480 ቮልት ይሆናል፤ እስከ 450 ቮልት እንዲችል የተሠራ ካፓሲተር ከወሰኑ አልፏል ማለት ነው። በ1970 የወጣው የላክስማን ኤስኪው38ኤፍዲ ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። 50ሲኤ10 የተባሉትን የኃይል ቱቦዎቹን የሠራው የጃፓኑ ኤንኢሲ ሲሆን፣ ምርቱ ከቆመ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። እነዚህን ቱቦዎች ያቃጠለ ሰው ከምንዛሪ ያተረፈው ገንዘብ እንዲተካቸው ላይበቃው ይችላል።

ታዲያ ትራንስፎርመሩ ራሱ በመንጫጫት ወይም በመጋል አያስጠነቅቅምን? መልሱ የፊዚክስ ተማሪን ሊያስገርም ይችላል። በትራንስፎርመር የብረት እምብርት ውስጥ የሚፈጠረው የማግኔት ፍሰት ለቮልቴጅ በቀጥታ፣ ለድግግሞሽ ደግሞ በተገላቢጦሽ ተመጣጣኝ ነው። የጃፓን ዕቃ ለሁለቱም ድግግሞሾች ይሠራል፤ ምክንያቱም ቶኪዮ በ1895 የጀርመን፣ ኦሳካ በ1896 የአሜሪካ ጄኔሬተሮችን ስለገዙ ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል እስከ ዛሬ 50 ሄርዝ፣ ምዕራቡ 60 ሄርዝ ይጠቀማል። በቶኪዮ 100 ቮልት ለ50 ሄርዝ ሲካፈል 2 ነው። በአሜሪካ 120 ቮልት ለ60 ሄርዝ ሲካፈልም 2 ነው። ስለዚህ የብረት እምብርቱ ከቶኪዮ የወጣ መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ በጸጥታ ይሠራል። ቱቦዎቹ ግን በዚያው ጸጥታ ውስጥ ያልቃሉ። በጆሮና በእጅ ብቻ የሚፈትሽ ሰው ምንም አያገኝም፤ እውነቱን የሚናገረው ቮልት ሜትር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ቢመጣስ?

በአሜሪካ የተሠራን መሣሪያ ወደ አገር ቤት ያመጣ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ያህል ያውቃል፤ የእኛ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ የተሰካ የአሜሪካ ዕቃ ይጨሳል። በአንድ ተከላካይ ላይ የሚባክነው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ከ120 ወደ 220 ቮልት መሸጋገር ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት ማለት ነው። መፍትሔው ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር መሆኑም የታወቀ ነው።

ያን ያህል የማይታወቀው የድግግሞሹ ነገር ነው። ቀናሹ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም፤ የእኛ መስመር ደግሞ 50 ሄርዝ ነው። ለ60 ሄርዝ ብቻ ተቆጥቦ የተሠራ የዱሮ የአሜሪካ ትራንስፎርመር 120 ቮልት በ50 ሄርዝ ሲሰጠው ንጽጽሩ ከ2 ወደ 2.4 ያድጋል፤ የማግኔት ፍሰቱ በ20 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ብረቱ ወደ ሙሌት ከተጠጋ የሚስበው ጅረት ያለ ልክ ይጨምራል፤ ትራንስፎርመሩ ይጮኻል፤ ይግላል፤ ሽፋኑም ውሎ አድሮ ያርራል። ፍሰቱን ለመመለስ ቮልቱን ወደ 100 ብናወርደው ደግሞ ማሞቂያዎቹ ከሚገባቸው በታች ይሆናሉ። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ የዱሮ አምፕሊፋየር ትራንስፎርመሩ ለ50 ሄርዝ ጭምር የተሠራ መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ደህናው መንገድ የኃይል ትራንስፎርመሩን ለ220 ቮልትና ለ50 ሄርዝ በተሠራ መለወጥ ነው።

ከመብራቱ በፊት

ዕቃው ሲላክ ቱቦዎቹ ተነቅለው ለየብቻ መጠቅለል አለባቸው፤ ከባዶቹ ትራንስፎርመሮች በጉዞ ላይ ሰውነቱን እንዳያጎብጡትም ከሥር ጥሩ ድጋፍ ያስፈልጋል። ከደረሰ በኋላ ትልቁ ፈተና ካፓሲተሮቹ ናቸው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር የሚሠራው በአሉሚኒየም ላይ በሚገኝ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ለብዙ ዓመታት ኤሌክትሪክ ያላገኘ እንደሆነ ሽፋኑ ይዳከማል፤ ሙሉ ቮልቴጅ በድንገት ሲመጣበትም ጅረት ያሾልካል፤ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ቴክኒሻኖች ያረጁትን መለወጥ ይመርጣሉ፤ መለወጥ በማይፈለግበት ጊዜም ቮልቴጁን በሚስተካከል ትራንስፎርመር ከዝቅተኛው አንሥተው በዝግታ ያሳድጋሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ተማሪ አንባቢያን አንድ ነገር አጥብቀው እንዲይዙ እንመክራለን። የቱቦ አምፕሊፋየር ከመስመር ከተነቀለ በኋላም ሊገድል ይችላል። በ450 ቮልት የተሞላ የ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 10 ጁል ያህል ኃይል ያከማቻል፤ ይህም በልብ በኩል ካለፈ አደገኛ ነው። ስለዚህ ካፓሲተሮቹ በአግባቡ መራገፋቸው በመለኪያ ሳይረጋገጥ ክዳኑ ተከፍቶ እጅ ሊገባበት አይገባም። ልምድ የሌለው ሰው ሥራውን ለባለሙያ ይተው።

የምንዛሪ ተመን በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የከሰረ ገዢ ነገ ሊያካክስ ይችላል። የቮልትና የሄርዝ ንጽጽር ግን አይለዋወጥም፤ ድርድርም አያውቅም። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ገዢው በየን መውደቅ 448 ዶላር አትርፏል፤ ያን ትርፍ ለማቆየት የሚያስፈልገው ደግሞ ከመሰካቱ በፊት የአምፕሊፋየሩን ጀርባ አንብቦ አንድ ቁጥር ለሌላው ማካፈል ብቻ ነው።